የጀላሉ አምስት ቢላዋ

ማክሰኞ ማለዳ ጀላሉ አምስት ቢላዋ ወገቡ ላይ ታጥቆ ከመቀሌ ወጣ። በተራመደ ቁጥር ብረቱ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይንቃጨላል። ጠመንጃቸውን አንግተው ከፊቱ የሚሄዱት አዳኙ ባሻይ ወልደጊዮርጊስ ገና ከተማው ከዓይን ሳይሰወር ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ኣታ ጀላሉ! አደን ነው የምትሄደው ወይስ ቅዳሴ? ጸናጽል ይዞ አጋዘን የገደለ ሰው አይቼ አላውቅም!»

«ባለሙያ ያለ መሣሪያው አይወጣም፣ ባሻይ» አለ ጀላሉ ደረቱን ነፍቶ።

ባለሙያ! እቴ! ከወሎ መጥቶ በሰኞ ገበያ ቢላዋ ሲሸጥ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ራሱ ግን ከዶሮ የሚተልቅ ነገር በስለት ነክቶ አያውቅም። ለዚህ ያበቃው የገዛ ምላሱ ነው። ትናንት ገበያ መሐል ቆሞ «በዚህ ካራ አጋዘን ስገፍፍ ዝንብ እንኳ አትነሣም!» እያለ ሲፎክር ከኋላው የቆሙት ቆዳ ፋቂው አብዱልጀሊል ነበሩ፤ የሁሪያ አባት። ለሁሪያ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሁለቴም እንቢ ተብሏል።

«እንግዲያው ገፍፈህ አምጣልኝ» አሉ ገበያው ሁሉ እየሰማ። «የጥይቱን ቀዳዳ ይቅር ብያለሁ። የቢላዋ ቀዳዳ ከሌለበት ልጄን እሰጥሃለሁ። አንዲት እንኳ ካገኘሁ ግን ሁለተኛ ስሟን እንዳታነሣ!»

ሲወጡ ሁሪያ በጓሮ ዞራ ደርሳበት ነበር። ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ሆዷ የጎበጠ ቢላ አውጥታ ሰጠችው።

«ይቺማ የሽንኩርት መክተፊያ ናት!» አለ።

«ያዛት አልኩህ! ቆዳ በጉልበት አይለቅም።»

ባሻይ እንዳያዩበት ሽርጡ ውስጥ ወሸቃት።

ረቡዕ ከሳምረ ወዲያ የተከዜን ቁልቁለት ሲጀምሩ ሰማዩ ተቀደደ። መንገዳቸውን የሚያቋርጠው ደረቅ ጅረት እያጓራ መጣ። ባሻይ በሁለት እመርታ ተሻገሩ። ጀላሉ ግን መሐል ላይ ጎርፉ ጉልበቱን መታው፤ ትጥቁ ደግሞ ወደ ታች ጎተተው።

«ጣለው! ብረቱን ጣለው!» ጮኹ ባሻይ።

«ከጣሊያን መኪና ባሌስትራ ብረት የተሠራ ነው እኮ፣ ባሻይ!»

«ነፍስህስ የማን መኪና ናት? ጣለው!»

ሁለቱን ረጃጅሞች ፈትቶ ለቀቃቸው። ባሻይ በጠመንጃቸው አፈሙዝ ጎትተው አወጡት። ሲጎትቱት የሳቸውም ቢላ ከነአፎቱ ወድቆ በጎርፉ ሄደ።

ሐሙስ ጧት ደግሞ ጀላሉ ፊቱን ሲታጠብ አንድ ባለ ጎፈር ዝንጀሮ ከገደሉ ወረደ። የበሶውን ስልቻ በአንድ እጁ፣ ባለ ቀንድ እጀታውን የሚያብለጨልጭ ቢላዋ በሌላው አፈፍ አድርጎ ቋጥኙ ላይ ወጣ። ከዚያም ስለቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ጥርሱን ያይበት ጀመር።

ባሻይ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ተወው ወደይ፣ ተወው ልጄ። አያያዙ ካንተ ይሻላል።»

ጀላሉ ግን አልሳቀም። ከስንቁ የቀረው አንድ ጭብጥ ቆሎ ነው፤ ፍርሃቱም እየጨመረ ነው። አጋዘኑ ባይገኝ ደስ ይለው ነበር።

ተገኘ። ከቀትር በኋላ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ አውራ። ባሻይ ተንበርክከው ተኮሱ። አጋዘኑ በጉልበቱ ወደቀ፤ ነፍሱ ግን አልወጣችም። ሁለቱም ሮጠው ቀንዱን ባንድ ጊዜ ያዙ፤ ያን ጊዜም ተያዩ።

ቀንዱ ለባሻይ፣ ቆዳው ለጀላሉ ብለው ተስማምተዋል። ማን እንደሚያርድ ግን አንዳቸውም አላነሡም! እስላም ያረደውን ባሻይ አይቀምሱም፤ ባሻይ የባረኩትን ጀላሉ አይቀምስም።

«ጥይቱ የኔ ነው፣ እኔ እባርካለሁ!»

«ወላሂ አይሆንም! ቆሎ ብቻ እየቆረጠምኩ ልሙት እንዴ?»

«ነገ ዓርብ ነው፣ አንተ ልጅ! ዛሬ ካልበላሁ እስከ ቅዳሜ ጾም ነኝ! በል ቢላዋ አበድረኝ።»

«ለእርድ ከሆነ አላበድርም!»

ይህን ሲባባሉ አጋዘኑ እግሩን ሰበሰበና ወደ አፋፉ ተንፈራገጠ። ጠጠሩ ከሥሩ እየተንሸራተተ ገደል ገባ። ጀላሉ ሁሪያ አብራ ስትወርድ የታየችው መሰለው።

«ይረዱ ባሻይ፣ ይረዱ!» ብሎ አንዱን ቢላዋ ወረወረላቸው። «ሥጋው የእርስዎ፣ ቆዳው የኔ!»

ባሻይ አማትበው አረዱ። አሁን የጀላሉ ተራ መጣ። በቀረችው ካራ የአጋዘኑ ሆድ ላይ ሊጀምር ቢል ጫፏ ቆዳውን በስታ ብቅ ልትል አንዲት ፀጉር ሲቀራት ባሻይ «ሃይ!» ብለው እጁን ያዙት። ጀላሉ ካራውን ጣለና ቁጭ አለ።

«ባሻይ፣ መግፈፍ አላውቅም። ገፍፌ አላውቅም። ሁሪያ ቀረችብኝ።»

«ከመቀሌ ስንወጣ አውቄአለሁ። አምስት ቢላዋ የሚታጠቅ በአንዱም አልሠራም። ሽርጥህ ውስጥ ያለችውን ትንሿን አውጣ።»

ለካስ አይተውታል! አፍሮ አወጣት።

«በሆዷ ሥራ፣ ጫፏን አትመን። ስለቷን ወደ ሥጋው አዙር፤ ቆዳውን አታሳያት። የለቀቀውን በቡጢህ ግፋ። አጆኻ፣ አይዞህ!»

ቢላዋ ሻጩ የመጀመሪያ ትምህርቱን ጀመረ። ባሻይ ጥብሳቸውን እያዞሩ «ቀስ!» ይላሉ፤ እሱ ምራቁን እየዋጠ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ በቡጢው ይገፋል። የጥብሱ ሽታ ሊገድለው ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ ቆዳው ሙሉውን ወጣ፤ በጨው አሽተው ጠቀለሉት።

በሰኞ ገበያ አብዱልጀሊል ቆዳውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው ከአንገት እስከ ጭራ በጣታቸው ዳሰሱት። የጥይቱ ቀዳዳ ብቻ ነው። ገበያተኛው ከቧቸዋል።

«በየትኛው ቢላዋህ ገፈፍከው?»

«በዚህ!» ቢል የቀሩትን ሁለቱን ይሻሙለት ነበር። ምላሱ ሊቀድመው ከጅሎ ተመለሰ።

«በኔ አይደለም። በልጅዎ ቢላ ነው። እኔ መግፈፍም አላውቅም ነበር፤ ባሻይ ናቸው ያስተማሩኝ።»

አብዱልጀሊል ቆዳውን ጠቀለሉ። «ያችን ቢላ ሳምንት ሙሉ ስፈልግ ሰነበትኩ» አሉ። «ሁሪያን ብጠይቃት አይጥ ወሰዳት አለችኝ። ዋሽተህ ቢሆን ቢላዬን ተቀብዬ እሸኝህ ነበር። በል አይጧን ውሰዳት!»

በሠርጉ ዕለት፣ እሑድ፣ ባሻይ ነጭ ለብሰው መጡ። የሥጋው ሳህን በፊታቸው ያልፋል፤ እሳቸው ምራቃቸውን ይውጣሉ። ጀላሉ መጥቶ አንድ ጭብጥ ቆሎ መዳፋቸው ላይ አፈሰሰላቸው።

«ሓቅኻ፣ እውነት አለህ» አሉ ባሻይ አንገታቸውን ደፍተው። «ደግሞ ይገባኛል።»

ሁሪያ ሳቋ አመለጣት። ጀላሉ እጃቸውን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰዳቸው፤ አጥሩ ሥር ላቱ የከበደ ሙክት በግ ታስሯል። ከወገቡ አንዲት ቢላ መዘዘ፤ አንዲት ብቻ፣ ትንሽ፣ ሆዷ የጎበጠ፣ አዲስ ያሠራት።

«እንኩ ባሻይ» አለ። «ዛሬስ ለእርድም ቢሆን አበድራለሁ።»