ያልታረመው ፎልደር

ጥርጣሬ መጥፎ አንባቢ ነው፤ ያልተጻፈውን ያነባል፣ የተጻፈውን ይዘላል። አራሚዋም በዚያ ሳምንት ያነበበችው ሁሉ ያልተጻፈውን ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒዩተሯን ስትከፍት፣ በቢሮው ሰርቨር ላይ ለእርሷ ሥራ በተከለለው ፎልደር ውስጥ ሌላ ትንሽ ፎልደር ተቀምጦ አገኘች። ስሙ «ያልታረመ» ይላል። ልትከፍተው ሞከረች፤ «መግባት ተከልክሏል» የሚል ጽሑፍ መጣባት።

«ተከልክሏል!» አለች በምሬት። «ተደራጊ ግስ ምንጊዜም የአድራጊውን ስም ይሸሽጋል።»

አድራጊው ግን አልጠፋትም። በሰርቨሩ ላይ ማን ምን እንዲያነብ፣ ማን ምን እንዲጽፍ የሚፈቅደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሁለት ወር በፊት ይህንኑ ሊያስተካክል ከጠረጴዛዋ አጠገብ የቆመው ቴክኒሻን። ያን ዕለት «በማን ፋይል ላይ መጻፍ ትፈልጊያለሽ?» ሲላት፣ «እኔ የምጽፈው በሰው ስሕተት ላይ ብቻ ነው» ብላው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማተሚያዋን ሊጠግን በየቀኑ ይመጣል። ማተሚያው ተበላሽቶ እንደማያውቅ እርሷም አንድም ቀን ነግራው አታውቅም።

ሰሞኑን ግን ከሥራ አስኪያጁ ጋር በር ዘግቶ መነጋገር ጀምሯል።

«ስሕተትሽን እየለቀመ ለአለቃ እያቀበለ ነው የሚሆነው» አለቻት ነገሩን ያዋየቻት የቢሮው ጸሐፊ። «የኔ እህት፣ ወንድ ቆልፎ የሚያስቀምጠው ነገር ደግ አይደለም። የባሌን ስልክ አላየሽም!»

ማክሰኞ ሲመጣ ሰላምታውን በቅንድቧ መለሰች። ረቡዕ አልመጣም። ሐሙስ ጠዋት መጣና ዐይኖቿን ፈለገ፤ አላገኛቸውም።

«ቅር አለሽ?»

«እኔን? ምን ቤት ነኝና!»

«መልስሽ ይኸው ከሆነ ገብቶኛል» አለ ቀስ ብሎ። «እስከ ስድስት ሰዓት ለሥራ አስኪያጁ ቁርጡን መናገር አለብኝ። ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ እሄዳለሁ።»

በሩ ላይ ሲደርስ ልቧ ከኩራቷ ቀደመ።

«የምን መልስ? ምን ጠየቅኸኝና?»

«ፎልደሩ ውስጥ የጻፍኩትን አላነበብሽም?»

«ቆልፈህብኝ በየት በኩል ላንብበው? ስንጥቅ አለው?»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወንበሯ ላይ ተቀምጦ የፎልደሩን ፈቃዶች ገለጠ፤ ወዲያው ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ሠራተኛን ሁሉ ከለከልኩ፤ ለአንቺ ብቻ ፈቀድኩ። ክልከላና ፈቃድ ሲጋጩ ክልከላው እንደሚረታ ለሰው የማስተምረው እኔው ነኝ! አንቺም ከሠራተኛው ሁሉ አንዷ መሆንሽን ረሳሁት።»

እንዲህ ያለ መረሳት ደርሶባት አያውቅም።

ክልከላውን አነሣ። ፎልደሩ ተከፈተ፤ በውስጡ አንድ ገጽ፣ በገጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ፦

«ልሂድ ወይስ ልቅር?»

እጇን ወደ ቁልፎቹ ሰደደች፤ ማሽኑ እምቢ አለ። ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አልተፈቀደላትም።

«ጠይቀህ አፍ ትይዛለህ?»

እየተርበተበተ የመጻፍን ፈቃድ ሰጣት። እርሷም አራሚ ናትና አዲስ ቃል አልጨመረችም። ሁለቱን የፊት ቃላት ሰረዘች። ከቀረው ቃል ላይ የመጀመሪያዋን ፊደል አነሣች። የጥያቄ ምልክቱን በአራት ነጥብ ተካችው።

«ቅር።»

ጎንበስ ብሎ አነበበው፤ ፊቱ እንደገና ጠቆረ። «ቅር ብሎሻል ማለት ነው?»

«ትእዛዝ አንቀጽ ነው፣ አንተ ሰው!» አለችው፤ ዐይኖቿን አሁን አልሸሸገችም። «ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ሂድና እንደምትቀር ንገረው!»