ደንገሉ ያለቀበት ዳር

ታንኳዋ ገና ከወረታ ዳርቻ ፈቀቅ ሳትል ውሃ መጠጣት ጀመረች። አሮጌ ናት፤ የተሠራችበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገሉ፣ ጠቁሮ አብጧል። እንደ ወጉ ቢሆን ከተጣለች ቆይታ ነበር። ግን በምን ትተካ? በጣና ዳር የነበረው ደንገል ተጨፍጭፎ አልቆ ቦታው ሩዝ ተዘርቶበታል።

«ከሦስት ሰው በላይ አትችልም፤ ከወዲሁ ልንገርሽ» አለ መንግሥቴ፣ ዘንጉን ጭቃው ውስጥ እየተከለ።

«ሦስት ይበቃናል፣ አያ። እርስዎ፣ እኔና አባቴ» አለች ሸዋዓለም።

መንግሥቴ የናቷ ወንድም ነው። ሸዋዓለም ደግሞ ውጭ አገር የደቡብ ዋልታን በረዶ ስታጠና ኖራ፣ የዶክትሬቷን የመጨረሻ ምዕራፍ ልትጽፍ ወረታ አክስቷ ቤት የከረመች ልጅ ናት። ምን ምዕራፍ! ነሐሴ ሲገባ ጣና ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ዋጠው። አባቷ አቶ ባየህ በሐይቁ ዳር ካለው ቤታቸው ከብቶቼን ጥዬ አልወጣም ብለው ቀሩ፤ ስልካቸውም ጠፋ። መንደሩን ከሐይቁ ማዕበል የሚከልለው አንድ የአፈር ግድብ ነው። እሱ ከተናደ አለቀላቸው።

ዝናቡ ወረደ። ወረደ ማለት ሲያንስ ነው፣ ዓይን አያስገልጥም ነበር። መንግሥቴ ይገፋል፣ እሷ ትቀዝፋለች። ከውሃው በላይ የቀረው የግራር ራስና አንዳንድ የቤት ጣሪያ ብቻ ነው።

የርብን ወንዝ ሲሻገሩ መንግሥቴ ድንገት ዘንጉን አቆመ።

«ዝም በይ! እንዳትንቀሳቀሽ።»

ከፊታቸው ሁለት ጆሮ ብቅ ብሎ ጠለቀ። ጉማሬ! ወዲያው ታንኳዋ ከሥር ተገፍታ በአንድ ጎኗ ተነሣች። ሸዋዓለም በሆዷ ተደፍታ ደንገሉን ጨመደደች፤ መንግሥቴ እየጮኸ ውሃውን በዘንጉ ደበደበ። አውሬው አፉን ከፍቶ የታንኳዋን ኋላ ገመጠና ሄደ። ተመስገን ብለው ተነፈሱ። ታንኳዋ ግን ከዚያ በኋላ ደህና አልሆነችም፤ ኋላዋ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቀረ።

ግድቡ ጋ ሲደርሱ በእውቀቱ አያቸው። የመንደሩ ልጅ ነው፤ ከሸዋዓለም ጋር አብረው ፊደል ቆጥረዋል። እናቱን በጋቢ ጠቅልሎ ግድቡ ላይ አስቀምጧቸዋል። ታንኳዋን እንዳየ ዘሎ ውሃ ውስጥ ገባና አፍንጫዋን ያዘ።

«እናቴን ጫኑልኝ! እግራቸው አይሄድም።»

«አባቴን ላምጣ፣ በእውቀቱ። ስንመለስ እንወስዳቸዋለን።»

«ስትመለሱ? ግድቡ እየተበላ አይታይሽም እንዴ?»

«ልቀቅ ብዬሃለሁ!» መንግሥቴ ዘንጉን አነሣ። በእውቀቱም ከወገቡ ማጭዱን መዘዘ።

ሸዋዓለም መሐላቸው ገብታ ማዕበሉን አየች። ይህን ነገር ታውቀዋለች። የተማረችው እኮ ይኸው ነው፤ ዋልታ ላይ ባሕሩን የሚሸፍነው ስስ በረዶ ሲጠፋ፣ ማዕበሉን የሚያበርደው አይኖርም። ማዕበሉ በቀጥታ መጥቶ የበረዶ ግግሩን ጫፍ ይመታል፤ ጫፉ ሲሰበር የብስ ላይ የተከመረው በረዶ ወደ ባሕር ይፈስሳል። እዚህ ማዕበሉን የሚያበርደው ደንገሉ ነበር። የግድቡን ውፍረት በዓይኗ ለካች፣ በልቧም አሰላች።

«እስክንመለስ ይቆያል» አለችው። «ሥራዬ ነው። እመነኝ።»

በእውቀቱ እናቱን አየ፣ እሷን አየ። ማጭዱን መለሰ። አመናት።

አባቷ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ ከከብቶቻቸው መሐል ቆመው ነበር።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ተቆጧት።

«ልወስድዎ። ከብቶቹን ይፍቷቸው፣ አባዬ፣ ዋኝተው ይውጡ።»

የእያንዳንዷን ላም ስም እየጠሩ ፈቷቸው። ከዚያ ወደ ሐይቁ ዞረው ቆሙ።

«ደንገሉን ባንቆርጠው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ አይደል?»

መዋሸት አማራት። «አዎ» አለች።

«በዚያ ሩዝ ነው ያስተማርኩሽ» አሉና ታንኳዋ ላይ ወጡ።

ከጉብታው ጥቂት እንደራቁ ከግድቡ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። ከዚያ ውሃው ተነሥቶ መጣ። ታንኳዋን አዙሮ ወደ ኋላ ወረወራት፤ አባቷን በነጠላቸው ያዘች፣ መንግሥቴ በእመቤቴ ስም እየጮኸ ታገለ። ቀና ስትል ግድቡ የለም። መንደሩና ጣና አንድ ሆነዋል። እግዚኦ!

«ወደዚያ ይግፉ፣ አያ! ቶሎ!»

በእውቀቱን ግራር ላይ ተጠምጥሞ አገኙት። ብቻውን ነበር። እናቱን የጠቀለለበት ጋቢ ከበታቹ በቅርንጫፍ ተይዞ ውሃው ያንገላታዋል። ሲጣሩ ቆዩ፣ ዞረው ፈለጉ፤ የመለሰላቸው የለም።

ሸዋዓለም ከታንኳዋ ወርዳ ውሃው ውስጥ እስከ ደረቷ ቆመች። በእውቀቱ በቦታዋ ተቀመጠ። እሷ የታንኳዋን የተገመጠ ኋላ ይዛ፣ ሲጎድል እየተራመደች፣ ሲጠልቅ እየተንጠለጠለች ተከተለች። እጇ ደነዘዘ። አባቷ ውጪ ቢሏትም አልሰማቻቸውም።

የወረታ አስፋልት ሲታይ በእውቀቱ ዞሮ አያት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር።

«ይቆያል ብለሽኝ ነበር» አላት።

እሷ የምታውቀው እንዴት እንደሚሰበር ነው። መቼ እንደሚሰበር ማንም አያውቅም፤ ይህንንም በጥናቷ ውስጥ ደጋግማ ጽፋዋለች።

«አዎ» አለችው። «ብዬህ ነበር።»