ከቀንዱ ያልዋጠው ሰው

በሐርሜን ምድር ፀሐይ ወጥታ ሳትሞቅ የገባች ዕለት ሽማግሌዎቹ ክፉ ነገር መጣ አሉ። አልተሳሳቱም። ቁርዘንዶ የተባለው የበረዶ አውሬ ከቤተ መንግሥቱ እናት ፍምን ሰርቆ፣ ውጦ ሄዷል። የአገሩ ምድጃ ሁሉ ከእርሷ የተለኮሰ ነበርና በአንድ ጊዜ ድርግም አለ። ቦት ጫማ ሰፊዋ አምሪት እናቷን በአጎዛ ጠቅልላ ብታቅፋትም ጥርሷ መንቀጫቀጩን አላቆመም። ፍሟ ቶሎ ካልተመለሰች እናቷ አትተርፍም።

ስለዚህ ተነሣች። ጦረኛው ዳሞጥ አብሯት ሊሄድ ቆረጠ። የአውሬውን መንገድ የሚያውቀው ግን ጎርፉ የሚሉት ዝምተኛ አዳኝ ብቻ ነበር። ወይ ጎርፉ! ገና ጫማውን ሲያሠራት ነው ነገረ ሥራው ያልጣማት። እስከ ጭኑ የሚደርስ፣ በድርብ የበግ ፀጉር የተለበጠ፣ ውስጡ ግን ስብ ያልተቀባ ይሁንልኝ አላት። ስብ ያልነካው ጫማ ያገኘውን እርጥበት ሁሉ ይጠጣል፤ ብርድ አገር ያደገ ሰው ይህን ያጣዋል? ለምን ብትለው ዋጋውን ቆጥሮ ሰጣት።

ሊነሡ ሲሉ እንደ ወጉ የመሐላው ቀንድ በአረቄ ተሞልቶ ቀረበ። ከዚያ ቀንድ የዋጡ ጓዶች አንዱ ከሞተ ሌሎቹ በሕይወት አይመለሱም። ሐርሜኖች ከሃዲን ሲሰድቡ «ከቀንዱ ያልዋጠ» የሚሉትም ለዚህ ነው። አምሪትና ዳሞጥ «ሞትህ ሞቴ ነው» ተባብለው ዋጡ። ጎርፉም ቀንዱን ከአፉ አስጠጋ፤ ጉሮሮው ግን ንቅንቅ አላለም። አምሪት አየችው፣ ደሟም ፈላ፤ ያለ እርሱ መንገድ የለምና ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ስንቋን አነሣች።

በረዶው ላይ በየማረፊያው ጉሮሮ የሚልጠውን አረቄ ሲከፋፈሉ ጎርፉ ድርሻውን ይዞ ዘወር ይላል። ሲመለስ ትንፋሹ አይሸትም። እነሱን አስክሮ ለአውሬው ሊያስረክባቸው ነው ብላ ለዳሞጥ በጆሮው ነገረችው። ከዚያ ወዲያ ዳሞጥ ጦሩን፣ እሷም ወስፌዋን ጨብጠው ከኋላው ከኋላው ሄዱ። እንቅልፍ እንኳ በተራ ሆነ።

የበረዶው ሸለቆ ሲደርሱ መሬቱ ተሰነጠቀና ቁርዘንዶ ብቅ አለ። ያ አውሬ ያደነውን ከእግሩ ጀምሮ እንደሚውጥ አገር ያውቃል። ጎርፉ ባዶ እጁን ብቻውን ወደ እርሱ ተራመደ። አምሪት ከአውሬው ጋር የገባውን ውል ሊፈጽም ነው ብላ ወስፌዋን መዝዛ ደረሰችበትና ክንዱን ያዘችው። ያን ጊዜ ከጫማው የሚወጣው የአረቄ ሽታ አፍንጫዋን ሰነፈጣት። በየማረፊያው ድርሻውን የሚያጠጣው ጫማውን ኖሯል።

«ልጄ፣ ከቀንዱ አልዋጥኩም» አላት ረጋ ብሎ። «የእኔ ሞት እናንተን አያስራችሁም። ፍሟን ይዛችሁ ግቡ።»

እጇን አላቆ ሄደ። አውሬው ከእግሩ ጀምሮ ዋጠው። በአረቄ የራሰው ጫማ ሆዱ ውስጥ ካለችው ፍም ሲደርስ ሰማያዊ ነበልባል ተንቦገቦገ፤ ቁርዘንዶም ከመሃሉ ፈነዳ። ከጎርፉ የቀረ አንዳች ነገር አልተገኘም። አምሪት በረዶው ላይ ተንበርክካ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያም እናት ፍምን ይዘውት በመጡት በመሐላው ቀንድ፣ በአመድ ሸፍና ተሸከመቻት።

የሐርሜን ምድጃዎች ዳግም ነደዱ። እናቷ ፊቷ ደም ሲለብስ እሳቱን ማን መለሰው ብላ ጠየቀች።

አምሪት ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረች። «ከቀንዱ ያልዋጠው ሰው» አለች፣ «እኔ በወስፌ ልወጋው የነበርኩት።»

በሐርሜን ከዚያ ወዲህ በዚያ ቃል የተሰደበ ሰው የለም።