በመሐላቸው የነበረው ግድግዳ

እውነቴን ነው የምልህ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሣ ትቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ሆሳዕና ውስጥ ኮምፒውተር አስተማሪ ነኝና ማሽን ያለ ምክንያት አይቆምም እያልኩ ተማሪዎቼን አስጽፍ ነበር። አሁንም አስጽፋለሁ፣ ድምፄ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

መሠረት በእኛው ትምህርት ቤት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች፣ ወሬ ልትጀምር ስትል በጠመኔ ጠረጴዛውን ሁለቴ ኳ ኳ የማድረግ ልማድ ነበራት። ቤተሰቧ ያመጣላትን ባል እምቢ በማለቷ ከእናቷ ከእማማ አየለች ጋር ተኳርፋ፣ ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ለእሑድ ቀጠሮ ይዘው ሳለ፣ ሐሙስ በድንገተኛ ሕመም ሞተች።

ቅዳሜ ወንድሟ ኤርሚያስ ፎቶዎቿን በፍላሽ ይዞ ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል መጣ።

«ቲቸር፣ እናቴ ልጄን በቴሌቪዥን እንኳ ልያት ብላለች። ነገ ድንኳኑ ውስጥ እናሳያት።»

ፎቶዎቹን ደርድሬ፣ መዝሙር ጨምሬ ኮምፒውተሩን ሬንደር እንዲያደርግ፣ ማለት ሁሉንም አንድ ቪዲዮ አድርጎ እንዲያወጣ አዘዝኩት፣ ስልሳ ሁለት ፐርሰንት ላይ ቀጥ አለ።

«የዱራሜ ሚኒባስ እንኳ ሞልቶ ይነሣል፣ ያንተ ኮምፒውተር ማንን እየጠበቀ ነው?» አለ ኤርሚያስ፣ ዓይኑ በለቅሶ አብጦም ቀልድ አያጣም።

ምክንያቱን ላስረዳህ፤ ፎቶዎቹ በኤርሚያስ ሠርግ ላይ በትልቅ ካሜራ የተነሡ ናቸው፣ ስክሪኑ መስኮት ቢያክል እያንዳንዱ ፎቶ የቤት ግድግዳ ያክላል፣ ያን ሁሉ ሲሸከም ሜሞሪው ይሞላና ይቆማል፣ መድኃኒቱ ፎቶዎቹን በስክሪኑ ልክ ማሳነስ ነው። አሳነስኳቸው። አንዱን ግን ቆረጥኩትም፣ እናትና ልጅ አብረው የተነሡትን፣ ሁለቱም እጃቸውን ወደ ታች አድርገው በመሐላቸው ክንድ ያህል አረንጓዴ ግድግዳ ይታያል። ኤርሚያስ «እናቴ ኩርፊያቸውን አይታ ትሰበራለች፣ እናቴን ከፎቶው አውጣት» ስላለኝ፣ በዚያ ክፍተት ላይ መሥመር አሳልፌ መሠረትን ብቻዋን አስቀረኋት።

እመነኝ፣ ሌሎቹ በሙሉ አለፉ፣ ከሁሉም የቀለለው ያ የተቆረጠው ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። የፋይሉን ስም ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁ፣ ሦስቴም እዚያው። በሦስተኛው ማራገቢያው ጮኾ ጮኾ ዝም ሲል፣ ከኋላችን ካለው ባዶ ጠረጴዛ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ኤርሚያስ ዞሮ «መሲ?» አለ። ማንም አልነበረም።

ግራ ሲገባኝ ያልተቆረጠውን፣ ያን ግዙፉን ዋናውን መለስኩት፣ መቆም የነበረበት እሱ ላይ ሆኖ ሳለ ቪዲዮው በደቂቃዎች ውስጥ አልቆ ወጣ። መብራት ሳይጠፋ ብዬ ሳላየው ሲዲ ላይ ገለበጥኩት።

እሑድ ያ ፎቶ ሲመጣ እማማ አየለች ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ኤርሚያስ፣ እጇን መቼ ነው ትከሻዬ ላይ ያደረገችው?»

«እማዬ፣ ተቀመጪ በቃ...»

«ያን ቀን አልነካችኝም እኮ! እኔም ዞሬ አላየኋት!»

ቀና አልኩ፣ የመሠረት እጅ እናቷ ትከሻ ላይ ነበር። ሰኞ ዋናውን ፎቶ ከፍቼ እንደገና ልቆርጠው ሞከርኩ፣ የእጅ አንጓዋን ሳይነካ መሥመሩ የሚያልፍበት ቦታ አጣሁ።

በሳምንቱ እማማ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ እውነት የእሷ እጅ ነው?» አሉኝ። ማስረዳት የምወደው ሰውዬ «አዎ፣ እማማ» ብቻ አልኩ።

ቅዳሜ የቆረጥኩት ቅጂ ግን ዛሬም አለ፣ መሠረት ሁለት እጆቿን ወደ ታች አድርጋ በአረንጓዴው ግድግዳ አጠገብ ብቻዋን ቆማለች። ለእሳቸው አላሳየሁም፣ ልሰርዘውም እጄ እምቢ ይለኛል።