የጡጦው ጫፍ

መርማሪዋ ጨቅላ ወደሞተበት ቤት ገና ሲገቡ የኮመጠጠ ወተትና የከረመ ዳይፐር ሽታ ተቀበላቸው። የአባትየው እህት ጉንጫቸውን ልትስም ተንደረደረች። ከንፈሯ በቀይ ሊፕስቲክ ተለስኗል። መርማሪዋ እጃቸውን ዘርግተው አስቀሯት።

«ሞግዚቷ ናት የመረዘችው» አለች አክስትየው። «ጡጦውን የምታዘጋጀው እሷ ናት። ምን ትጠብቃላችሁ?»

ሞግዚቷ ጥግ ላይ ተኮራምታ ታለቅሳለች። ፖሊሱ ካቴናውን አዘጋጅቷል።

መርማሪዋ ጡጦውን ወደ ብርሃን ይዘው አገላበጡት። የጎማው ጫፍ ሥር ቀይ ቅባት ተጣብቋል።

«ይሄን ማን ነው የሚቀምሰው?»

«እኔ እጄ ላይ ጠብ አድርጌ ነው የማየው» አለች ሞግዚቷ። «እትዬ ግን ጠባ ጠባ አድርገው ነው የሚሰጡት። ይተዉ ብላቸው ሰደቡኝ።»

«ሙቀቱን ልለካ ነዋ» አለች አክስትየው። «የወንድሜን ልጅ እጸየፋለሁ እንዴ?»

መርማሪዋ ወደ ልጁ እናት፣ ወደ አራሷ ዞሩ። «የኔ እህት፣ ከንፈርሽን ምች መትቶሽ ያውቃል?»

«አንድም ቀን።»

«የልጁ አፍ ዙሪያስ?»

«ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቶበት ነበር። እትዬ ‹ሙቀት ነው፣ ሐኪም አያስፈልገውም› አሉኝ።»

አራሷን ያዋለዱት ሐኪም የልጁን የደም ምርመራ ውጤት ይዘው ሲመጡ መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰቡ።

«ደሙ ውስጥ መርዝ የለም። ያለው የምች ቫይረስ ነው። እኛን ከንፈራችንን አቁስሎ ይተወናል። የአራስ ልጅ መከላከያ ግን ገና አልጠነከረም፤ አብዛኛውን እናቱ በሆዷ ሳለ ካዋሰችው ነው የሚዋጋው። እሷን ምች ስላልነካት ለዚህ የምታውሰው አልነበራትም። በሽታውም ከእሷ አልመጣም። የመጣው ይሄን ጡጦ ከጠባ አፍ ነው።»

ለአክስትየው እርጥብ ሶፍት ሰጧት። «ጥረጊው።»

እምቢ አለች። ወንድሟ፣ የልጁ አባት፣ ሶፍቱን ነጥቆ ከንፈሯን ጠረገው። ከቀለሙ ሥር ቢጫ ቅርፊት ያበጀ ቁስል ብቅ አለ፤ ጠርዙ ያዣል።

«ምች ፀሐይ ነው የሚያመጣው። ይጋባል እንዴ?» አለች አክስትየው።

«ካልተጋባ ለምን ሸፈንሽው?» አሉ መርማሪዋ።

«ከሆስፒታል ሲወጡ ነግሬያቸዋለሁ» አሉ ሐኪሙ። «ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ልጁን እንዳይጠጋ ብዬ። አክስቱም ቆመው ሰምተዋል።»

አክስትየው አንገቷን ደፋች። «ልጁን ይከለክሉኛል ብዬ ነው። እወደው ነበር።»

ቁስሉስ ቁስል ነው፤ ይድናል። የሚያቅለሸልሸው፣ ልጁን የገደለው ያ አፍ ዞሮ ሞግዚቷን ሊያሳስር መጣደፉ ነበር።

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ወደ አክስትየው ተጠጋ። እሷም እያለቀሰች የአራሷን ጉንጭ ልትስም ጎንበስ አለች። አራሷ ፊቷን በመዳፏ ከለለች።

«በዚያ አፍሽ እንዳትነኪኝ» አለቻትና ሄዳ ሞግዚቷ አጠገብ ተቀመጠች።