ክብ የተደረደሩት ወንበሮች

ፕሮፌሰሩ ክብ በተደረደሩት ወንበሮች መሐል በጀርባቸው ተዘርረዋል። ከራሳቸው ሥር ያለውን የመድረክ ጠርዝ ደም ነክቶታል። ወጣቶች በአገራቸው ጉዳይ እንዲሳተፉ ሲያጠኑና ሲያስተምሩ ያረጁ የፖለቲካ ሳይንስ ሰው ነበሩ። ይህን ሁሉ ባዶ ወንበር ስታይ የመርማሪዋ ሆድ ባባ፤ እሷም ማታ ማታ የምትገባው ማንም ወደማይጠብቃት ቤት ነው።

«ነግሬያቸው ነበር!» አሉ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ። «በየሳምንቱ ጎረምሳ ሰብስቦ ማከራከር እሳት መጫር ነው። አንዱ ገፍትሯቸው ነው። አዳራሹ ይታሸጋል፤ ልጆቹም ዛሬውኑ ይለቀማሉ።»

«ቀስ ይበሉ ጌታዬ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አለች መርማሪዋ።

የፕሮፌሰሩ ረዳት በሩ አጠገብ ቆሟል። ዐይኑ ቀልቷል።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ሞልቶ ነበር» አላት። «ያ ሁሉ ዝናብ ሳያግዳቸው፣ በስብሰው መጡ። ክርክሩ ሲጦፍ እኔ ከልጆቹ ጋር ትቻቸው ወጣሁ።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። የጽዳት ሠራተኛዋ ትናንት ቀትር ላይ ወልውላው ነው የወጣችው። ግቢው ጭቃ በጭቃ ነው፤ የመርማሪዋ ጫማ እንኳ ዱካውን ትቷል። በየወንበሩ ሥር ተራ በተራ ተመለከተች። ከዚያ የፕሮፌሰሩን ጫማ አገላብጣ አየችና አስከሬኑን በጨርቅ ሸፈነችው።

የፕሮፌሰሩ እህት ደረሱና ከአስከሬኑ አጠገብ ቆሙ።

«ወንድሜ ዓመቱን ሙሉ አልጋ ላይ ነበር» አሉ። «የወጣቶቹን ክርክር የሚመራለት ረዳቱ በየሳምንቱ እየደወለ ‹ልጆቹ ሞልተው ነበር፤ ሰላም ብለውዎታል› ሲለው ፊቱ ይበራል። ስለ ክርክሩ የሚጽፈውን መጽሐፍም የጨረሰው ረዳቱ በሚነግረው ነው። ትናንት ተሻለኝ አለና ‹ልጆቼ ጋ ልሂድ› ብሎ ወጣ። ልጅ እንኳ የለው።»

«እርስዎ እዚህ መጥተው ያውቃሉ?»

«ዛሬ ነገ ስል...» እህትየው አንገታቸውን ደፉ።

መርማሪዋ ኃላፊውን፣ ረዳቱንና እህትየውን ወንበሮቹ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«የፕሮፌሰሩ ጫማ ንጹሕ ነው» አለች። «ስለዚህ የመጡት ከዝናቡ በፊት ነው። ወንበሮቹን ደርድረው ጠበቁ። ልጆቹ በስብሰው ከመጡ ታዲያ ጭቃቸው የታለ? የደረቀ ጭቃ ያለው በአንድ ወንበር ሥር ብቻ ነው፤ ከእሳቸው ጎን። የመጣው አንድ ሰው ነው።» ወደ ረዳቱ ዞረች። «እስቲ ዓመቱን ሙሉ ከመጡት ልጆች የአንዱን ስም ንገረኝ።»

«ስማቸውን... አልመዘገብኩም» አለ ረዳቱ።

«ሐሰት እግር የለውም፤ ለዚህ ነው ዱካ ያልተወው» አለች መርማሪዋ። «ድሮም የመጣ ልጅ የለም። ፕሮፌሰሩ ትናንት ይህን በዐይናቸው አዩ።»

«ታመው ተኝተው ‹መጡ ወይ?› ሲሉኝ አንጀቴ አልችል አለ» አለ ረዳቱ እያለቀሰ። «መጡ አልኳቸው። ከዚያ መጽሐፉ ወጣ፤ እኔም በእሱ የማዕረግ እድገት አገኘሁ። ትናንት ደውለው ጠሩኝ። ‹ያሳተምነው ሁሉ ውሸት ነው፤ ነገ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ› አሉ። እጃቸውን ይዤ ለመንኩ። ሊሄዱ ሲነሱ ገፋኋቸው። ልገድላቸው አላሰብኩም።»

«እንግዲያ ልጆቹ...» አሉ ኃላፊው።

«የሚለቀም ልጅ የለም ጌታዬ።»

ፖሊሶች ረዳቱን ይዘውት ወጡ፤ ኃላፊውም ተከተሉ። እህትየው ግን አልተነሱም።

«አንድ እንኳ አልመጣለትም?»

መርማሪዋ ልታጽናናቸው ፈለገች፤ ግን ውሸት የት እንዳደረሰ አሁን አይታለች።

«አልመጣም፣ እናቴ።»

«እኔም አልመጣሁም» አሉ። ወንበራቸውንም ስበው ወንድማቸው አጠገብ ተቀመጡ።