ምርጊቱ የሚያውቀው ሰው

መራጊው አዝመራው የጭቃ ስልቻውን አዝሎ ቤት ሊመርግ ከወንድሙ ደጃፍ ሲደርስ ጭቃው ጀርባው ላይ ይንፈራገጥ ነበር። ህያው ምርጊት ሲርበው እንዲያ ነው፤ ማንም አይደነቅበትም። በቤተ ሙከራ የተፈለፈለ፣ ሙቀት እያሸተተ፣ ግድግዳ ላይ እየዳኸ ስንጥቁን ሁሉ የሚደፍን ጭቃ ነው። ምድርን ያቀዘቅዛል ተብሎ ሰማይ ላይ የተዘረጋው የፀሐይ መጋረጃ አልታጠፍ ካለ ወዲህ፣ በሊማሊሞ ከተማ ያለ ምርጊት ካደረ ቤት ጠዋት በብርድ የደረቀ ሬሳ ነው የሚወጣው።

ታላቅ ወንድሙ ጓንጉል በሩን ገርበብ አደረገ።

«እንዴት ሰነበትክ፣ ጋሼ?»

«እዚያው በሩ ላይ ሁን። ምንጣፉን እንዳትረግጥ።»

ሚስቱ ትርንጎ ከውስጥ ሳቀች። «ምን ቸገረው! በር ላይ መቀመጥ ለምዶ የለ?»

እውነቷን ነው። በአባታቸው ተዝካር ዕለት ጓንጉል ለባለጠጎቹ ከላይ አንጥፎ፣ የእናቱን ልጅ ከለማኞቹ ጋር በር ላይ፣ ንፋሱ የሚገባበት ነበር ያስቀመጠው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የምርጊት ወግ የታወቀ ነው። የመጀመሪያውን ትንፋሽ አባወራው ይሰጠዋል፤ ጭቃውም ያንን ሰው ጌታዬ ብሎ ሙቀቱን ይጠብቅለታል። ጭቃው እስኪጠና ድረስ አባወራው እንደ አራስ ከቤት አይወጣም፤ ያለዚያ ጭቃው ግድግዳውን ትቶ ይከተለዋል። አዝመራው ግን ስልቻውን ሲፈታ ጎንበስ አለና ማንም ሳያየው ራሱ ተነፈሰበት። ጓንጉል በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ይኑራ! ጭቃው እስኪነቃ እሱ ሰፈሩ ይደርሳል፤ ሁልጊዜም ቀስ ብሎ ነው የሚነቃው።

ቂም ያጋለው ትንፋሽ ግን ሌላ ነው። ጭቃው ወዲያው ነቃ፤ ግድግዳውን አለበሰና አዝመራው እግሩን ሲያነሳ የውጭውን በር ግጥም አድርጎ ደፈነው። ጌታው የሚያመልጥ ሙቀት መስሎታል።

ጓንጉል ነገሩ ገባው። «አንተ ውሻ! ተነፈስክበት?»

አዝመራው የተደፈነውን በር ገፋ።

«ሰውየው ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይለቀዋል፤ ያኔ አንተ ትተነፍስበታለህ» አለች ትርንጎ፣ ስለ ወጥ የምታወራ ይመስል።

ካፖርቱን ገፈፉት። በውጭውና በውስጡ በር መካከል፣ ከተደፈነው በር በቀር ምርጊት ያልነካት ጠባብ ክፍል አለች፤ ግድግዳዋ ውርጭ አብቅሏል። እዚያ ገፍትረው ጣሉትና የውስጡን በር ቀረቀሩ።

«ጋሼ! ሞትኩ እኮ! የእናትህ ልጅ ነኝ!»

«ድሮስ ቦታህ በር ላይ አይደል?»

ጣቶቹ ደነዘዙ። መሬት ላይ ተኮራምቶ ዓይኑን ሊከድን ሲል አንድ የሚዳኽ ነገር ሰማ። ጭቃው ከቤቱ ግድግዳ፣ ከጣሪያው፣ ከመስኮቱ ሁሉ እየተላጠ በበሩ ሥር ይፈስ ነበር። መጥቶ እንደ ጋቢ ጠቀለለው። በዕድሜው ሙሉ እንዲህ አድርጎ ያለበሰው ሰው የለም።

ከውስጥ ንፋሱ በየስንጥቁ ማፏጨት ጀመረ። ቀጥሎ ጩኸት መጣ። ጭቃው ሲያልፍ መቀርቀሪያውን ነክሶ ይዞታልና በሩ አልከፈት አላቸው።

«አዝሜ! አንተ ነህ የያዝከው! ተነስ!»

ልክ ነው። እሱ ተነስቶ ወደ ውስጥ ቢራመድ ጭቃውም ተከትሎት ከግድግዳው ይመለሳል።

«ወንድሜ! ና ግባ! ከላይ ተቀመጥ፣ ከእኔ በላይ!»

ይህችን ቃል ሲጠብቅ ነው ጠጉሩ የሸበተው። ዓይኑን ጨፍኖ እስኪበቃው አዳመጣት። «አዝሜ! የእናቴ ልጅ!» ይላል ጓንጉል። ትርንጎም በመጨረሻ ጋሼ አለችው፣ እሱን፣ አዝመራውን! ጭቃው ይሞቃል። ድምፃቸው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።

በማግስቱ ጎረቤት በር ሰብሮ ገባ። ሽማግሌዎች ሁለቱን ድርቅ ያሉ ሬሳዎች አይተው፣ «ጨካኝ ፍጡር!» እያሉ ጭቃውን ሊያቃጥሉት ተነሱ፤ አዝመራውን ደግሞ እንኳን እግዜር አተረፈህ ብለው በለቅሶው ከላይ አስቀመጡት።

ጭቃው እኮ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አዝመራው ሁለቱንም ያውቃቸው ነበር።